ነገም ይኖራል? የምዕራብ ሸዋ ወጣቶችና ኢንተርኔት

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ሆለታን ካለፈ በኋላ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን አቋርጦ ይሄዳል። በየከተማው በመንገዱ ግራና ቀኝ የስልክ ጥገና ቤቶች አሉ። ስክሪን ይቀይራሉ፣ ባትሪ ይሸጣሉ፣ ካርድ ይሞላሉ። ኢንተርኔት በየኪሱ ከገባ በኋላም ያልጠፋ ሌላ ሥራም አላቸው፤ ሚሞሪ መጫን። ደንበኛው ሚሞሪ ካርዱን ወይም ፍላሹን ይሰጣል፤ ባለሱቁ ዘፈኑን፣ መዝሙሩን፣ ተከታታይ ድራማውን፣ ትርጉም ፊልሙን ይጭንለታል። ደንበኛው ደግሞ በዜንደር ወይም በሼር ኢት ለጓደኞቹ ያዳርሳል። ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ አንድ ሜጋባይት አይቆረጥም።

ስለ ወጣትና ኢንተርኔት ሲወራ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ሱስ ነው፤ ቲክቶክ ጊዜ በላ፣ ልጆች መጽሐፍ ጠሉ ይባላል። ቅሬታው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ምዕራብ ሸዋ ላይ ግን ከዚህ የሚቀድም ጉዳይ አለ። የዚህ አካባቢ ወጣት ስልኩን እንደ ጎተራ ይሞላል። ኔትዎርክ ሲኖር የፈተና ወረቀቱን፣ ዘፈኑን፣ ቪዲዮውን ያከማቻል፤ ነገ ላይኖር ይችላላ! ይህን ልማድ ያመጣው የዳታ ዋጋ ብቻ አይደለም። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ኢንተርኔት ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ለሳምንታት ተቋርጦበታል። ስለ ኢንተርኔት የወደፊት ዕጣ ያለውን አመለካከት ለመረዳት ከዚህ ትዝታ መነሣት ያስፈልጋል።

ታሪኩ ከስማርት ስልክ በፊት ይጀምራል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቀውስ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር። አገልግሎቱ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። የዛሬዎቹ የአምቦ ተማሪዎች ያኔ ወይ አልተወለዱም፣ ወይ ሕፃናት ነበሩ። ታላላቅ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ግን መልእክት መላክ የሚቀማ ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ አወቁ።

ቀጥሎ የመጣው ሚያዝያ 2006 ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋን የተቀናጀ ማስተር ፕላን የተቃወሙ ተማሪዎች አምቦን ጨምሮ በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች አደባባይ ወጡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ከጦማርያኑ አንዱ ዘላለም ክብረት በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበር። ተማሪው በመንገድ ላይ፣ መምህሩ በጻፈው ጽሑፍ፣ በተመሳሳይ ቀናት ዋጋ ከፈሉ። ዘላለም በሐምሌ 2007 ክሱ ተቋርጦ ተፈታ። ኅዳር 2008 ላይ፣ በአውሮፓውያኑ 2015 መጨረሻ፣ ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት ለዞን 9 የሰጠውን ሽልማት ለመቀበል ወደ ስትራስቡርግ ሊጓዝ ሲል ፓስፖርቱ ተወስዶበት ቀረ። አምቦ ላይ ሕግ ይማር ለነበረ ወጣት ከዚህ የበለጠ ቅርብ ምሳሌ አልነበረም፤ በኢንተርኔት መጻፍ የሚያስከብርም የሚያሳስርም ነው።

ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የሆነው ግን የነገሩን መልክ ለወጠው። ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በዚህች ከተማ ተማሪዎች የጭሊሞ ደንንና የኳስ ሜዳን ጉዳይ አንሥተው ሰልፍ ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ወሬው ከዞኑ ሳይወጣ ይቀር ነበር። አሁን ግን በየሰልፉ በስልክ የተነሣ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ ውጭ ያሉ የኦሮሞ አክቲቪስቶች ያሠራጩታል፤ በ2006 ሚኒያፖሊስ ላይ ሥርጭት የጀመረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኦ.ኤም.ኤን. በሳተላይት መልሶ ወደ ጊንጪና ወደ ጌዶ ይልከዋል። ፌስቡክ ያልነበረው አርሶ አደር እንኳ የልጁን ስልክ ፎቶ በቴሌቪዥን ያይ ነበር። ጥር 2008 ላይ መንግሥት ማስተር ፕላኑን ሰረዘ። ተቃውሞው ግን ቀጠለ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ ባወጣው ሪፖርት ከ400 በላይ ሰዎች እንደተገደሉ ገለጸ።

ሰልፍ የወጣው ትውልድ የቁቤ ትውልድ ይባላል። በጥቅምት 1984 በይፋ የተወሰነው፣ ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል አፋን ኦሮሞን ወደ ስልክ ለማስገባት ያልታሰበ በር ከፍቷል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በአውሮፓውያኑ 1999 ነው፤ ተራ ስልኮች ላይ በአማርኛ ለመጻፍ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ቁቤ ግን ከመጀመሪያዎቹ የኖኪያ ቁልፎች ጀምሮ ይጻፋል። የአምቦ ልጅ በቋንቋው መልእክት ለመላክ ማንንም አልጠበቀም።

ለተቃውሞው የመንግሥት መልስ መዝጋት ሆነ። መስከረም መጨረሻ 2009 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀምን የሚገድብ፣ ኦ.ኤም.ኤን.ንና ኢሳትን መመልከት የሚከለክል መመሪያም ወጣ። ከዚያ በፊት፣ ግንቦት 2008 ላይ፣ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ፌስቡክ ላይ ሾልኮ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዟል። ያወጡት አክቲቪስቶች ያቀረቡት ምክንያት በተቃውሞው ወራት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው የኦሮሚያ ተማሪዎች ሳይማሩ ሊፈተኑ አይገባም የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈተናና መዘጋት ተጣመሩ። ሐምሌ 2008 ላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ለጥቂት ቀናት ታገደ፤ በ2009ና በ2011 የፈተና ወቅቶች ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ። ተማሪው ሳይፎን የሚባለውን ቪፒኤን መጫን የተማረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ከዚያ በኋላ የተስፋ ጊዜ መጣ፤ ይህን መሸሸግ ፍትሐዊ አይሆንም። ሚያዝያ 2010 ላይ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከተሾሙ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አምቦ ሄደው ሕዝቡን አነጋገሩ። ሰኔ 2010 ላይ 264 ታግደው የነበሩ ድረ ገጾችና ጣቢያዎች ተከፈቱ። ነሐሴ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ። ለአንድ የኮሌጅ ተማሪ ይህ ቅናሽ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁንና ዓመት ሳይሞላ፣ ከሰኔ 2011ዱ የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ክረምት ኢንተርኔት ውኃም አየርም እንዳልሆነ፣ ለሕይወት መጥፋት ምክንያት ከሆነ እንደሚዘጋ ተናገሩ። በ2012 አጋማሽ በጎረቤት የወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ጠፋ፤ የኮሮና ወረርሽኝ አገር ውስጥ የገባው በዚያ መሐል ነበር።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ምሽት የአምቦ ልጅ የሆነው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። ከ2008 በፊት ጀምሮ ዘፈኖቹ ዩቲዩብ ላይ ሲወጡ የምዕራብ ሸዋ ወጣት ከየትኛውም የዜና ማሰራጫ አስቀድሞ ይሰማቸው ነበር። በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ። ሰኔ 25 ቀን አምቦ ላይ ሲቀበር ወጣቱ በስልኩ ምንም ማየት፣ ምንም መላክ አልቻለም፤ ያለው ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። መስመሩ ቀስ በቀስ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። መዘጋቱን የደገፉ ሰዎች ጥላቻ እንዳይስፋፋ ነው ይላሉ። በየከተማው የሰው ሕይወት ያለፈበትና ንብረት የወደመበት ወቅት በመሆኑ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ወሬ በኢንተርኔት መዘጋት አልቆመም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፣ የሚያጣራውም ታጣ። የሞተባትን ልጅ የምታለቅስ ከተማ የሌላውን ለቅሶ እንዳትሰማ መደረጉ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነበር።

የዚህ ሁሉ ውጤት ጥርጣሬ ነው፤ ወጣቱም በሁለት አቅጣጫ ይጠራጠራል። አንዱ ወደ መንግሥትና ወደ ቴሌ ነው። ሌላው ግን ወደ ኢንተርኔቱ ራሱ ነው፤ ይህ እምብዛም አይነገርለትም። በ2008 ፌስቡክን እንደ ነፃ አውጪ ያየ ወጣት በ2013ና በ2014 ያንኑ ገጽ ሲከፍት የብሔር ስድብና የተቀነባበረ ፎቶ አገኘ። የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በአውሮፓውያኑ 2021 እንደመሰከረችው፣ ኩባንያው የደኅንነት ቁጥጥር ሥርዓት የነበረው ለሁለት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ብቻ ነበር። ባሕር ዳር ላይ የተገደሉት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ ልጅ አብርሃም ማዕረግ፣ አባቱን ዒላማ ያደረጉ ልጥፎች በጊዜው አልተነሡም ብሎ በሜታ ላይ ናይሮቢ ክስ መሥርቷል፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። አገሪቱ በ2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185ን አውጥታለች። አዋጁ ተናጋሪውን ይቀጣል፤ ጥላቻው በየሰዉ ስልክ ላይ እንዲደርስ የሚያደርገውን የኩባንያ አሠራር ግን በናይሮቢው ዓይነት ክስ ካልሆነ በቀር የሚጠይቀው አልተገኘም። ዛሬ ብዙ የአምቦ ወጣት የፖለቲካ ልጥፍ አይቶ ዝም ይላል፤ ከፌስቡክ ወደ ተዘጋ የቴሌግራም ቡድን ሸሽቷል።

ቴሌግራም የዚህ ትውልድ ቤተ መጻሕፍት ነው ቢባል አይጋነንም። የመማሪያ መጻሕፍት ፒዲኤፍ፣ ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች፣ የመምህራን ማስታወሻዎች እዚያ አሉ። ከሃያ ዓመት በፊት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያየው የመጀመሪያ ስክሪን ፕላዝማ ነበር። ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርዳል፤ ተማሪው ባይገባው ማቆም፣ መምህሩም መመለስ አይችልም ነበር። የዛሬው ተማሪ አንድን የፊዚክስ ቪዲዮ እስኪገባው ድረስ ደጋግሞ ያያል። ወጣቱ ኢንተርኔት ጥሩ ነው ሲል በመጀመሪያ ማለቱ ይህን ነው።

ግን ትምህርቱ ኢንተርኔትን አስፈላጊ ከማድረግ አልፎ ግዴታ እያደረገው ነው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም በ2016 በከፊል ወደ ኦንላይን ገባ። ውጤት የሚታየው በድረ ገጽ፣ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ነው። በ2016 ካለፉት 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ የሚሆኑት ተፈታኞች ውስጥ ለመግባት የሚታገል የግንደበረት ወይም የሚዳ ቀኝ ተማሪ ከጥያቄው ጋር ብቻ አይደለም የሚፋለመው፤ ከማውዙና ከኪቦርዱም ጋር ነው። በገጠር ወረዳዎቹ ባለው የጸጥታ ችግር ኔትዎርክም መንገድም በሚቋረጥበት ቦታ የዲጂታል ፈተና ፍትሕ የሚሆነው ኮምፒዩተሩ ከፈተናው ቀን አስቀድሞ ተማሪው ጋ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ የአምቦ ከተማ ልጅና የግንደበረት ልጅ እኩል አልተፈተኑም።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ሌላ ዓለም ያገኛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ኢተርኔት በሚባለው የትምህርትና የምርምር መረብ የተሳሰሩ በመሆናቸው በግቢ ዋይፋይ ዳታ ሳይቆጥር ያወርዳል፤ ቻትጂፒቲን ለአሳይመንት ይጠይቃል። ሲመረቅ ግን በሩ ላይ ሁሉም ይቀራል። ሥራ ፍለጋው የሚጀምረው ልክ ኢንተርኔቱ በሚቋረጥበት ዕለት ነው።

እዚህ ላይ ገንዘብ ይመጣል። ግንቦት 2013 ላይ የተጀመረው ቴሌብር በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ 54.8 ሚሊዮን ተጠቃሚ እንዳፈራ ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። ለጉደር ሽንኩርት ነጋዴም ለባኮ በቆሎ ገዢም ኢንተርኔት ሲባል የሚታወሰው ይኸው ነው። ወጣቱ ግን ከመላክ ይልቅ ማግኘት ይፈልጋል። በ2016 ክረምት የቴሌግራም ጨዋታው ሃምስተር ኮምባት ወጣቱን ስክሪን ሲያስነካካ አዋለው። መስከረም 16 ቀን 2017 ላይ የጨዋታው ክሪፕቶ ሳንቲም ሲከፈል ለወራት የደከሙ ብዙዎች በእጃቸው የገባው ኢምንት ሆነባቸው። ብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም እንደማይፈቀድ ከ2014 ጀምሮ ሲያስጠነቅቅ ነበር። ነገሩን እንደ ስንፍና ማየት ስሕተት ነው። በዚያው ክረምት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ዲግሪ ይዞ ወላጁ ቤት ለተቀመጠ ልጅ ዶላር የሚያስገኝ ነገር ሁሉ፣ ጨዋታም ቢሆን፣ ሊሞክረው የሚገባ ሥራ መሰለው።

በዚያው ሐምሌ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርን ጀመረ። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ሰርተፊኬትም አለው። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ላፕቶፕ ይፈልጋል፣ ዳታ ይበላል፤ መስከረም 2017 ላይ ደግሞ የቴሌ ታሪፍ ተጨምሯል። የተመዘገቡትን መቁጠር ይቀላል፤ ከአምቦ ስንቱ በተማረው ነገር ደመወዝ አገኘ የሚለው ነው ሊቆጠር የሚገባው።

ልጃገረዶች ዘንድ ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። ስልክ በቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ለወንድሟ ነው። ስልኩ ሲደርሳት ደግሞ በሐሰት ስም መግባት፣ ፎቶ አለመለጠፍ፣ አስተያየት አለመስጠት ደንብ ይሆናል። ሴንተር ፎር ኢንፎርሜሽን ሬዚሊየንስ የተባለው የብሪታኒያ ተቋም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን አጥንቶ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ስድብና ዛቻ እንደ ተራ ነገር መታየቱን አሳይቷል። ኢንተርኔት ሳይዘጋ የተዘጋባቸው እነዚህ ናቸው።

ቋንቋውም ገና ነው። ጉግል ትርጉም አፋን ኦሮሞን የጨመረው ግንቦት 2014 ላይ ነው፤ አማርኛ ከገባ ከስድስት ዓመት በኋላ። ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚናገረው ቋንቋ ውክፔዲያው ትንሽ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ቴክኖሎጂም ገና ይንተባተብበታል። ተስፋው ግን እዚህ ላይ ጎላ ይላል፤ የደንዲንና የወንጪን ሐይቆች፣ የጉደርን ፏፏቴ፣ የአካባቢውን ሠርግና ቀልድ በአፋን ኦሮሞ ቀርጸው የሚለቁት ራሳቸው ወጣቶቹ ናቸው። የጎደለውን ይዘት የሚሞላው ሌላ አካል የለም።

የዓለሙን ክርክር ከዚህ ጋር ሲያስተያዩት ርቀቱ ይታያል። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከማኅበራዊ ሚዲያ አግዳለች። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ግምት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም ሕዝብ 68 በመቶው ኢንተርኔት ይጠቀም ነበር፤ ዳታሪፖርታል በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለኢትዮጵያ የሰጠው 19.4 በመቶ ነው። እዚያ ልጅን ከኢንተርኔት ስለማራቅ ሲመከር እዚህ ጥያቄው ገና መድረስና መዝለቅ ነው።

መዝለቁ በሕግ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። የምዕራብ አፍሪካ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት የቶጎ መንግሥት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ኢንተርኔት መዝጋቱ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ የፈረደው ሰኔ 18 ቀን 2012 ነው፤ ሃጫሉ ሊገደልና የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ሊጠፋ አራት ቀን ሲቀረው። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) መንግሥታት በምርጫ ወቅት ከመዝጋት እንዲታቀቡ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል። በዚህች አገር ከዚያ ወዲህም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታግደው ነበር፤ የእገዳው መነሻ የሆነው የቤተ ክርስቲያን ውዝግብ የፈነዳው በጎረቤት ዞን በወሊሶ አካባቢ ነው። ለ2018 በተያዘው ሰባተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሚሰጠው የጊንጪ ወጣት በ2008 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከእጩዎቹ ሊጠይቅ የሚገባው ግልጽ ነገር አለ፤ ኢንተርኔትን ማን ማዘጋት እንደሚችል፣ በምን ማስረጃ፣ በየትኛው ወረዳ፣ ቢበዛ ለስንት ቀን እንደሚዘጋ፣ የሚሰርዘውስ ፍርድ ቤት የትኛው እንደሆነ የሚደነግግ ሕግ ያወጣሉ ወይስ አያወጡም?